በቡድሃ በዓል ቀን መጠጥ ይሸጥ ወይስ ይከልከል? ጥያቄና መልስ ከባንኮክ

ባንኮክ ብዙ ጊዜ ኖሬያለሁ፤ እንጀራዬም ከሆቴል ሥራ ነው። ታይላንድ በቡድሃ እምነት በዓላት ቀን የአልኮል ሽያጭ መከልከሏ ልክ ነው አይደለም የሚለው ክርክር እናንተም ጋ ስለደረሰ፣ የማውቀውን ልመልስ። ያሻችሁን ጠይቁ፣ የሚያስቀይመኝ የለም።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ የተከለከለው ምንድን ነው? መጠጣት ነው መሸጥ?

መሸጥ ነው። ቤትህ ያለውን ቢራ ከፍተህ ብትጠጣ የሚነካህ የለም። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአልኮል መቆጣጠሪያ አዋጅ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። በ2009 አራት የበዓል ቀናት ተለይተው ሽያጭ ተከለከለባቸው፣ በ2015 አምስተኛው ተጨመረ። ማካ ቡቻ፣ ቪሳካ ቡቻ፣ አሳራ ቡቻ፣ ካኦ ፓንሳ እና ኦክ ፓንሳ ይባላሉ። ትልቁ ቪሳካ ነው፤ ቡድሃ የተወለደበት፣ የበራለትና ያረፈበት ቀን ተብሎ ይከበራል። የመጨረሻዎቹ ሁለት በዓላት፣ መነኮሳት በአንድ ገዳም ተወስነው የሚቆዩበት የሦስት ወር የዝናብ ወቅት መግቢያና መውጫ ናቸው። ክልከላው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል። አዋጁ ሲወጣ፣ ሲሸጥ ለተገኘ ያስቀመጠው ቅጣት እስከ 6 ወር እስራት ወይም እስከ 10,000 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ነበር።

ጥያቄ፦ መሬት ላይ ግን ይሠራል?

ሰፈር ካለ ሚኒ ማርኬት ብትገባ ታየዋለህ። የቢራው ፍሪጅ መብራቱ በርቷል፣ ጣሳዎቹ ተደርድረዋል፣ በሩ ላይ ግን ላስቲክ መጋረጃ ወርዷል ወይም በታይኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ደፍረህ አንዱን አውጥተህ ካሸሯ ጋ ብትወስድ፣ ባርኮዱን ስታስነብበው ማሽኑ እምቢ ይላል። ልጅቷም አትቆጣህም። ፈገግ ብላ ጣሳውን ወደ ጎን ታደርገዋለች፤ ለውዝህን ብቻ ታስከፍልሃለች።

ትንንሽ ሱቅ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ባለሱቋ ደንበኛዋን ታውቃለች፣ ጥቁር ፌስታል ታውቃለች፣ አለቀ። አንዳንድ ባር ደግሞ ቢራውን በቡና ኩባያ ያቀርባል። ፖሊስም አንዳንዴ ያያል፣ አንዳንዴ አያይም።

ዋናው ማምለጫ ግን ዋዜማው ነው። የሚጠጣ ሰው ማታውኑ ካርቶን ሙሉ ይሸከማል። እኛ ቅበላ የምንለው ነገር እዚያ በቢራ ሲደረግ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የቡድሃ እምነት ራሱ መጠጥን ይከለክላል?

ምእመናን ከሚጠብቋቸው አምስት ሥርዓቶች አምስተኛው አእምሮን ከሚያደነዝዝ መጠጥ መራቅ ነው። ሌሎቹ አለመግደል፣ አለመስረቅ፣ ከዝሙት መራቅና አለመዋሸት ናቸው። መጠጥ መነገድም ለምእመን ከማይመከሩት አምስት ንግዶች አንዱ ነው፤ ከጦር መሣሪያ፣ ከሰው፣ ከሥጋና ከመርዝ ንግድ ጋር ተቆጥሯል።

ነገር ግን ልብ በሉ፣ እነዚህ አማኙ ራሱ ወዶ መነኩሴ ፊት ቀርቦ የሚገባቸው ቃሎች ናቸው። ፖሊስ አስገድዶ የሚያስገባህ ቃል አይደለም። ክልከላውን የሚቃወሙ ቡድሂስቶች የሚያነሱት ይህንኑ ነው፤ እኔም ይዋጥልኛል። በዚያ ላይ እምነቱ በየአገሩ መልኩ ይለያያል። ጃፓን ውስጥ በመካከለኛው ዘመን ገዳማት ራሳቸው ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ይጠምቁ ነበር።

ጥያቄ፦ እና መነኮሳቱ ዝም ብለው ያያሉ?

ኧረ ወዲያ! በ2005 የቻንግ ቢራ ባለቤት የሆነው ታይቤቭ ባንኮክ የአክሲዮን ገበያ ሊገባ ሲል መነኮሳት ከምእመናን ጋር ሆነው አደባባይ ወጡ። ኩባንያው በ2006 ሲንጋፖር ሄዶ ተመዘገበ። ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት ባለሥልጣናት ፍላጎት ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ቱሪስት ምን አደረገ? እኛ በበዓላቸው ለምን እንጾማለን?

በዓመት አምስት ቀን ነው እህቴ። ጁስ ጠጪ።

ጥያቄ፦ በ2025 ተነስቷል ሲባል ሰማሁ።

ተላላ እንጂ አልተነሳም። በሜይ 2025፣ ልክ ቪሳካ ሊደርስ ሲል፣ መንግሥት ዓለም አቀፍ ኤርፖርቶችን፣ ሆቴሎችን፣ ፈቃድ ያላቸውን የምሽት ቤቶችና ትልልቅ ዝግጅት የሚካሄድባቸውን ቦታዎች ከክልከላው አወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቱሪዝም። ሱፐርማርኬቱና የሰፈር ሱቁ ግን እንደተዘጋባቸው ቀሩ።

እኔን የሚከነክነኝ እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ሆቴል ሎቢ ተቀምጦ ወይኑን ሲያዝ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለው ሰው አንድ ጠርሙስ ቢራ መግዛት አይችልም። የቀኑ ቅድስና ካሳሰበን ሁለቱም ጋ ያው ቀን ነው። የሆቴል ሠራተኛ ስለሆንኩ ለውጡ ለኪሴ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ፍትሐዊ ነው ለማለት ግን አፌ አይሞላም።

ጥያቄ፦ ቢያንስ የመኪና አደጋ ይቀንሳል አይደል?

የደጋፊዎቹ ጠንካራ መከራከሪያ ይሄ ነው። ነገር ግን ታይላንድ ውስጥ በመንገድ ላይ ሞት የሚታወቁት ቀናት የፈረንጆቹ አዲስ ዓመትና በኤፕሪል የሚከበረው የታይ አዲስ ዓመት ሶንግክራን ናቸው። “ሰባቱ አደገኛ ቀናት” ብለው ሰይመዋቸው በየዕለቱ የሟች ቁጥር ይነገራል። በሁለቱም ግን እንዲህ ያለ የቀኑን ሙሉ የሽያጭ ክልከላ የለም! የሚፈለገው ሕይወት ማዳን ከሆነ መጀመር የነበረበት ከዚያ ነው። ግን ሶንግክራን ላይ ቢራ ልከልክል የሚል ፖለቲከኛ ምርጫ ያሸንፋል?

ጥያቄ፦ ሌሎች ቡድሂስት አገሮችስ?

ስሪላንካ ትብሳለች። እዚያ በየወሩ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ቀን፣ ፖያ የሚሉት፣ የሕዝብ በዓል ነው፤ መጠጥ ቤት ይዘጋል፣ ሥጋም አይሸጥም። ላኦስና ካምቦዲያ ደግሞ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ክልከላ የላቸውም።

ጥያቄ፦ እኛ አገር ሥጋ ቤት በሁዳዴ ይዘጋ የለ? ምን ልዩነት አለው?

ልዩነቱማ ሰፊ ነው። ሥጋ ቤቱን የሚዘጋው ደንበኛው ስለሚጾም ነው፤ አዋጅ ወጥቶ አይደለም። የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ክፍት ነው፣ የሚፈልግ ይገዛል።

ታይላንድም የዚህ ዓይነት ነገር አላት፤ እኔ ከክልከላው የበለጠ የማከብረውም እሱን ነው። ከ2003 ጀምሮ በዝናብ ወቅቱ ሦስት ወር መጠጥ አቁሙ የሚል ዘመቻ በየዓመቱ ይካሄዳል። በዋናነት የሚያስተባብረው የጤና ማስፋፊያ ፈንድ ገንዘቡን የሚያገኘው በአልኮልና በትምባሆ ግብር ላይ ከሚታከል 2 በመቶ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሲጠጡ ከርመው ካኦ ፓንሳ ሲደርስ ብርጭቆ የማይነኩ አሉ። እናቱ ፊት ቃል የገባ ሰው ባርኮድ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ይነሳ ነው የምትለው?

አዎ። ካልተነሳ ደግሞ ሆቴሉንም ይጨምር።

ጥያቄ፦ ለዕቃ ግዢ በጁላይ ወደዚያ እየመጣሁ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

በዓላቱ የሚቆጠሩት በጨረቃ ስለሆነ ቀናቸው በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ከመምጣትህ በፊት የዓመቱን ካላንደር እይ። አሳራና ካኦ ፓንሳ ተከታትለው ነው የሚውሉት፣ ብዙ ጊዜ በጁላይ፤ ስለዚህ ሁለት ቀን በተከታታይ ሱቅ ላይ አታገኝም። ከኖቬምበር 2025 ወዲህ ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ፣ በተከለከለ ሰዓት መሸጫው ውስጥ ሲጠጣ የተገኘ ደንበኛም እስከ 10,000 ባት ይቀጣል። በቡና ኩባያ ከሚያቀርቡልህ ቦታ ራቅ። ዕድሜህም 20 ካልሞላ በየትኛውም ቀን አይሸጡልህም። የግድ ካልክ ዋዜማው ላይ፣ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ገዝተህ ክፍልህ አስገባ።