አቮካዶ ይጨመቃል ወይስ ይፈጫል?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ አነስ ያለች ወተትና ጁስ ቤት ልከፍት ነው። ታፔላ ለሚጽፈው ልጅ «ትኩስ ወተትና ጁስ» በል ብዬ ነገርኩት። አንድ ጎረቤቴ ግን «ጁስ የፈረንጅ ቃል ነው፣ ጭማቂ ብለሽ አጽፊ» አሉኝ። እኔ ደግሞ አቮካዶ ጨምቄ አላውቅም። የቱ ነው ትክክሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ መጠየቅዎ ጥሩ ሆነ። «አቮካዶ ጨምቄ አላውቅም» ያሉት ነገር ግማሹን መልስ ይዟል።

አማርኛ ለየመጠጡ የራሱን ግስ ሰጥቷል። ጠጅ ይጣላል። ጠላ ይጠመቃል። ቡና ይፈላል። ወተት ይታለባል፣ ሲረጋ ደግሞ ይናጣል። «ቡና ጠመቅኩ» የሚል ሰው ቢመጣ አማርኛው ገና መሆኑን ወዲያው እናውቃለን። ስለዚህ የመጠጡ ስም ሲያጠራጥር እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ግሱን ነው።

ሎሚ ይጨመቃል። የታጠበ ልብስም ይጨመቃል። ሥራው አንድ ነው፤ ፈሳሹ ይወጣል፣ ሌላው እጅ ላይ ይቀራል። «ጭማቂ» ደግሞ ያ የወጣው ነው። ቃሉ ብዙ ዘመዶች አሉት። ሲጠረግ የሚወጣው ጥራጊ፣ ተበልቶ የተረፈው ትራፊ፣ ከተሰበረው የቀረው ስባሪ። ቁራጭና ቅዳጅም እዚሁ ቤት ናቸው። ግሶቻቸው «ቆረጠ» እና «ቀደደ» በ«ጠ» እና በ«ደ» ስለሚያልቁ፣ እነዚህ ፊደሎች ወደ «ጭ» እና «ጅ» ተለወጡ እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

አቮካዶ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። ባለፈው ቅዳሜ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አጠገብ አንድ ጁስ ቤት ገብቼ የልጁን እጅ ሳይ ቆየሁ። አቮካዶውን ለሁለት ከፈለው። ፍሬውን አወጣና ሥጋውን በማንኪያ ዛቀው። ውሃና ስኳር ጨመረበትና ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ብርጭቆው ሲመጣልኝ ማንኪያው መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ ልጁ «ቪምቶ ይግባበት? ሎሚ ይጨመቅበት?» አለኝ። እሺ ስለው ግማሽ ሎሚ ይዞ ከላይ ጠብ ጠብ አደረገበት። በዚያ ብርጭቆ ውስጥ የተጨመቀው ነገር ያ ሎሚ ብቻ ነበር። ልጁ ሰዋስው አስቦ አልተናገረም። ቃሉ ግን ልክ ቦታው ላይ አረፈ።

ማሽኑንም ልብ ይበሉ። ሱቅ ገብተን ስንጠይቅ «ጁስ መፍጫ አላችሁ?» ነው የምንለው። ለብርቱካን ሲሆን «መጭመቂያ» እንላለን። ማንም ሳያስተምረን ሁለቱን ለይተናል። አቮካዶ እኛ አገር የገባው በፈረንጆች 1938 በሂርናና በወንዶ ገነት በኩል ነው። ዛሬ በእናንተው ማናና ጎማ ወረዳዎች ከቡናው ጋር በየጓሮው ይታያል። ፍሬው እንግዳ ነበር፤ ግሱን ግን ከቤታችን ሰጠነው። ጤፍና በርበሬ የምንፈጭበትን «ፈጨ» አመጣንለት። ይህ በጣም ደስ ይለኛል።

ጁስ የፈረንጅ ቃል መሆኑ እውነት ነው። እንግሊዝኛም ራሱ ከፈረንሳይኛ ነው የወሰደው፣ ፈረንሳይኛ ደግሞ ከላቲን። በላቲን ትርጉሙ መረቅ ነበር። መጭመቅ የሚባል ነገር ውስጡ የለም፤ ስለዚህ ለተፈጨውም ለተጨመቀውም ይመቻል። ሻይ ከቻይና ነው የመጣው፣ ማኪያቶ ከጣሊያን። ልጁ የሚጽፍልዎት «ታፔላ» እንኳ የጣሊያን ቃል ነው። «ጁሱ ቀጠነብኝ» ሲባል ቃሉ አማርኛ ሆኗል ማለት ነው።

ጎረቤትዎ ግን ተሳስተዋል አልልም። ሱቅ ውስጥ በየካርቶኑ «የማንጎ ጭማቂ» ተብሎ ተጽፎ እናነባለን፤ የሚከፋው የለም። አፋን ኦሮሞም «ጩንፋ» የሚለው «መጭመቅ» ከሚለው ግስ አውጥቶ ነው፤ ለአቮካዶውም ይውላል። ቃል እንዲህ ይሰፋል። የእኔ ምርጫ ታፔላው ላይ «ጁስ» ነው፤ መንገደኛው የሚጠራው እሱን ስለሆነ። ውስጥ ዋጋው የሚለጠፍበት ላይ ግን ለብርቱካኑ «የብርቱካን ጭማቂ» ብለው ይጻፉ። ቃሉ ትክክለኛ ቦታውን ሲያገኝ ያምራል።

አሁን ወዳልጠየቁኝ ልግባ፤ እኔን ከጁሱ ይበልጥ ያሳሰበኝ «ትኩስ» ነው። ትኩሳት፣ ልብስ መተኮስ፣ ሁሉም የሙቀት ቤተሰብ ናቸው። ካፌ ገብተን «ትኩስ ነገር ምን ይምጣ?» ስንባል ሻይና ቡና ነው የሚታሰበን፤ ጅማ ላይማ ቡና። «ትኩስ» አዲስ ማለት የሆነው በእነ ዳቦ በኩል ይመስለኛል። አሁን የወጣ ዳቦ አዲስም ነው፣ ይሞቃልም። ጁስ ላይ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። «ትኩስ ጁስ» የሚለውን ያነበበ ሰው እንፋሎት የሚወጣው ማንጎ ነው የሚታየው። ወተቱም ላይ ችግር አለ። «ትኩስ ወተት» ያዘዘ ደንበኛ የፈላ ወተት ይጠብቃል። ዛሬ የታለበ ለማለት ከፈለጉ «የዛሬ ወተት» ይበቃል። ያልፈላው ደግሞ «ጥሬ ወተት» ይባላል።

እርጎና አሬራም የሚሸጡ ከሆነ አይቀላቅሏቸው። እርጎ «ረጋ» ከሚለው ነው፤ ቅቤው ገና ውስጡ ነው። አሬራ ተንጦ ቅቤው የወጣለት ነው። አሬራው ተሞቆ አይቡ ሲለይ የሚቀረው ውሃ ደግሞ አጓት ነው። እናቶቻችን እነዚህን በዓይን ብቻ ይለዩ ነበር፤ ስማቸው በእኛ ጊዜ እንዳይደበላለቅ እሰጋለሁ።

እንግዲህ ልጁን እንዲህ ብለው ያጽፉት፦ «ወተት፣ እርጎና ጁስ። ፍራፍሬው እዚሁ ይፈጫል።» ብርቱካንም ካለዎት «ይፈጫል፣ ይጨመቃል» ይበሉበት።