ከቀበሌ፣ ከወረዳና ከክፍለ ከተማ ሰነድ ስለማግኘት፦ ጥያቄና መልስ

ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ብዙ ሰው የሚቸገረው ሕጉ ከልክሎት አይደለም። ጥያቄው መዝገብ ላይ ሳይወርድ በቃል ሄዶ በቃል ስለሚመለስ ነው። ስለዚህ መልሶቼ ደጋግመው ወደ ወረቀትና ወደ ገቢ ቁጥር (መዝገብ ቤት ማመልከቻ ሲቀበል የሚጽፍበት ቁጥር) ቢመለሱ አይግረማችሁ።

ጥያቄ፦ የመረጃ ነፃነት አዋጁ በ2013 ተሽሯል ያሉኝ አሉ። እውነት ከሆነ በየትኛው ሕግ ነው የምንጠይቀው?

መልስ፦ የተሻረው ግማሹ ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመገናኛ ብዙኃንን ነፃነትና መረጃ የማግኘት መብትን በአንድ ላይ የያዘ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የተካው የመገናኛ ብዙኃኑን ክፍል ነው። መረጃ ማግኘትን የሚመለከተው ክፍል ሦስት አሁንም ይሠራል። ከበላዩ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 አለ፤ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን በግልጽ ይጠብቃል። «አዋጁ የፌዴራል ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚል የወረዳ ኃላፊ ካጋጠመህ፣ «የመንግሥት አካል» የሚለው ትርጓሜ የክልል መሥሪያ ቤቶችንም እንደሚጨምር አሳየው። ክፍል ሦስትን አትሞ ይዞ መሄድ ግማሽ ክርክር ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ማመልከቻውን ለማን ነው የምሰጠው? ሊቀመንበሩ ወደ ሥራ አስኪያጁ፣ ሥራ አስኪያጁ ወደ ሊቀመንበሩ ይመልሱኛል።

መልስ፦ በአዋጁ ጥያቄ ተቀባዩ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። በወረዳ ደረጃ ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ይገኛል። ቀበሌ ላይ እንዲህ ያለ ባለሙያ ስለማይኖር ማመልከቻውን በጽሕፈት ቤቱ ስም ጻፊ፤ ከታች «ግልባጭ፦ ለወረዳው ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት» የሚል መስመር ጨምሪና ግልባጩን በእጅሽ አድርሺ። ያን ጊዜ መመላለሱ የአንቺ ሳይሆን የእነሱ ሥራ ይሆናል።

አሠራሩ ይህ ነው። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጂ። በቀጥታ ኃላፊ ቢሮ ሳትገቢ መዝገብ ቤት ግቢ። አንዱን ይቀበሉሽ፣ በሌላው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ የተቀባይ ፊርማና ማህተም ያስቀምጡልሽ። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ተመልሰሽ «ለማን ተመራ?» ብለሽ ጠይቂ። ኃላፊው ማመልከቻው ጠርዝ ላይ ለየትኛው ክፍል እንደመራው ካላወቅሽ ወረቀቱ በሦስት ቢሮ መካከል ይጠፋል፤ ካወቅሽ ግን የምትከታተዪው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው። መዝገብ ቤት አልቀበልም ካለ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት ላኪውና ደረሰኙን አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ ምን ብዬ ልጻፍ? በሰፈራችን ስለተሠራው የጠጠር መንገድ ማወቅ እንፈልጋለን፤ «መረጃ ይሰጠን» ብለን ጽፈን ምንም አላገኘንም።

መልስ፦ ችግሩ እዚያው ላይ ነው። «ስለ መንገዱ መረጃ» የሚል ማመልከቻ የደረሰው ባለሙያ ከመደርደሪያው የሚያወጣው ነገር የለውም፤ ቢበዛ «መንገዱ በጥሩ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል ደብዳቤ ይጽፍላችኋል። ርዕስ ሳይሆን ሰነድ ጠይቁ፤ ሰነድ ስም፣ ዓመትና የሚቀመጥበት ክፍል አለው።

አንድ የመንገድ ሥራ ቢያንስ እነዚህን ወረቀቶች ይተዋል፦ የጨረታ ማስታወቂያ፣ የጨረታ መክፈቻና የግምገማ ቃለ ጉባኤ፣ ከሥራ ተቋራጩ ጋር የተፈረመ ውል፣ ከውሉ ጋር የተያያዘ የሥራ ዝርዝርና መጠን፣ በየምዕራፉ የተከፈለ የክፍያ ምስክር ወረቀት፣ የጊዜያዊና የመጨረሻ ርክክብ ሰነድ። ሁሉንም ከጠየቃችሁ ለመዘግየት ሰበብ ትሰጣላችሁ። እኔ ብሆን በሁለት እጀምራለሁ፦ የሥራ ዝርዝርና መጠኑ እና የርክክብ ሰነዱ። የመጀመሪያው ስንት ኪሎ ሜትር፣ በምን ስፋትና በምን የጠጠር ውፍረት፣ ስንት የውኃ መውረጃ ቱቦ እንደታሰበ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ማን «ተሠርቷል» ብሎ እንደፈረመ ያሳያችኋል። የሜትር ገመድ ይዛችሁ ወጥታችሁ ልታመሳክሩት የምትችሉት እነዚህን ነው።

የማመልከቻው አካል ከዚህ መብለጥ የለበትም፦

«በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ክፍል ሦስት መሠረት፣ በ2016 በጀት ዓመት በቀበሌያችን ለተሠራው የጠጠር መንገድ (መነሻው ጤና ጣቢያው፣ መድረሻው ወንዙ ድልድይ) የሚከተሉት ሰነዶች ትክክለኛ ግልባጭ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ፦ 1ኛ/ ከውሉ ጋር የተያያዘው የሥራ ዝርዝርና መጠን፤ 2ኛ/ የጊዜያዊ ርክክብ ሰነድ። ከሰነዶቹ ውስጥ በሕግ የሚከለከል ክፍል ካለ ያ ተለይቶ ቀሪው እንዲሰጠኝ፣ ሰነዱ በመሥሪያ ቤቱ ከሌለም ይኸው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ፊርማ፣ ቀን። «ሙስና»፣ «ብልሹ አሠራር» የሚሉ ቃላት አታስገቡ። ያ አቤቱታ ነው፤ አቤቱታ ደግሞ ወደ ሌላ ክፍል ይመራና ሰነዱ ተረስቶ ይቀራል።

ጥያቄ፦ «ለምን ፈለግኸው? ከመሥሪያ ቤትህ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ» ይሉኛል። ማምጣት አለብኝ?

መልስ፦ የለብህም። መብቱ የማንኛውም ሰው ነው፤ ምክንያት መግለጽም ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የድጋፍ ደብዳቤ ልማድ የመጣው ከተማሪዎችና ከተመራማሪዎች ነው፤ እነሱ መጠይቅ ለማስሞላትና ሠራተኛ ለማነጋገር ስለሚመጡ። አንተ የምትጠይቀው ያለ ሰነድ ነው። በጨዋ አነጋገር «ደብዳቤው የሚያስፈልግበትን አንቀጽ በማመልከቻዬ ላይ ይጻፉልኝ» በል። የሚጽፍ ብዙ አይገኝም።

ጥያቄ፦ እናቴ ማንበብም መጻፍም አይችሉም። እኔ ደግሞ ሌላ ከተማ ነኝ።

መልስ፦ በቃል ማመልከት ይችላሉ፤ ወደ ጽሑፍ መለወጥ የተቀባዩ ኃላፊ ድርሻ ነው። የተጻፈው ጮክ ተብሎ እንዲነበብላቸው ያድርጉ፣ ከዚያ አሻራቸውን ያኑሩ፣ ቅጂውንም ይዘው ይውጡ። ፊደል የሚያውቅ የጎረቤት ልጅ አብሮ ቢሄድ አይከፋም።

ጥያቄ፦ በስንት ቀን ነው መልስ የሚገባው? የልደት ምስክር ወረቀት ምትክ ጠይቄ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ 30 ቀን አለን አሉኝ።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። 30 ቀኑ ለመረጃ ነፃነት ጥያቄ ነው፤ በቂ ምክንያት ካለ ሊራዘምም ይችላል። የልደት፣ የጋብቻ ወይም የሞት ምስክር ወረቀት፣ የነዋሪነት ማረጋገጫና የመሳሰለው ግን መደበኛ አገልግሎት ነው። የሱ ጊዜ የተጻፈው በግድግዳው ላይ በተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚቆጠረው በደቂቃና በሰዓት ነው። ቻርተሩን ፎቶ አንሥተሽ የተባለው ጊዜ ካለፈ ለቅሬታ ሰሚው አመልክቺ። በመረጃ ነፃነት አዋጅ ከጠየቅሽ ራስሽን ረጅሙ ሰልፍ ላይ ታቆሚያለሽ።

ጥያቄ፦ ከጎረቤቴ ጋር የድንበር ክርክር አለብን። የሱን የይዞታ ማህደር ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ሙሉ ማህደሩን አይሰጡህም፣ ትክክልም ናቸው። የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ በአዋጁ የተጠበቀ ነው፤ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ይበልጥ አጥብቆታል። ግን መንገድ አለ። የራስህን ማህደር ሙሉ ግልባጭ አውጣ፤ ካርታው ላይ አዋሳኞችህና የድንበር ነጥቦችህ ተመዝግበዋል፣ ብዙ ክርክር እዚያው ይፈታል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ዳኛው የጎረቤትህ ማህደር እንዲቀርብ እንዲያዙልህ አመልክት። ለፍርድ ቤት እንቢ ማለት ለአንተ እንቢ እንደማለት አይቀልም።

የሟች ወላጅ ማህደር ከሆነ በፍርድ ቤት የጸደቀ የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ልጅ መሆን ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ የወረዳ በጀት የት ይገኛል?

መልስ፦ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ምክር ቤቱ ካጸደቀ በኋላ የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ማጠቃለያውን ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። ሰሌዳው በዝናብና በፀሐይ ስለሚደበዝዝ እንደተለጠፈ ፎቶ አንሡት። ችግሩ ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ ጥቅል ድምር ብቻ መያዙ ነው፤ ትምህርት ይህን ያህል፣ ጤና ይህን ያህል። አብዛኛው የመደበኛ በጀት ደመወዝ ስለሆነ ከጥቅሉ ብዙም አታነቡም። የሚጠቅማችሁ የካፒታል በጀቱ (ለግንባታና ለመሳሰለው ሥራ የተያዘው) በፕሮጀክት ተዘርዝሮ ነው፤ ከሱም ጋር የሩብ ዓመት የወጪ ሪፖርቱ። የጸደቀውና ወጪ የሆነው ጎን ለጎን ካልቀረበ የታቀደውን እንጂ የተሠራውን አታውቁም።

ጥያቄ፦ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤስ?

መልስ፦ ከአፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት። የጉባኤውን ተራ ቁጥር ወይም ወሩን ጥቀስ። የካቢኔ ቃለ ጉባኤ ግን ሌላ ነው፤ አዋጁ ከልካይ ድንጋጌ ስላለው ውሳኔውን እንጂ ውይይቱን አትጠይቅ።

ጥያቄ፦ «ፋይሉ ጠፍቷል» ተባልኩ። አበቃ ማለት ነው?

መልስ፦ አላበቃም። መጀመሪያ «ጠፍቷል» የሚለውን በጽሑፍ ጠይቅ። መብቱ ሰነዱ መኖር አለመኖሩን ማወቅንም ይጨምራል። ፊርማ ሲጠየቅ ድንገት የሚገኝ ፋይል አለና ይህን እርምጃ አትዝለል።

ከዚያ ሰነዱ ሊዛወር የሚችልበትን አስብ። አዲስ አበባ ላይ የድሮው ቀበሌ መዝገብ ዛሬ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ነው የሚፈለገው። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ በ2013 ሲቋቋም ማህደሮችም አብረው የሚሄዱ ነበሩ፤ ስለዚህ በአንዱ ያጣኸውን በሌላው ጠይቅ። የቀድሞው የደቡብ ክልልም ከ2012 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ማዕከላዊና ደቡብ ኢትዮጵያ ተብሎ ስለተከፋፈለ የክልል ደረጃ ሰነድ የሚፈልግ ሰው የቢሮውን ተረካቢ ማጣራት አለበት።

ሦስተኛው ዘዴ ግልባጭ መከተል ነው። በእጅህ ያለ አንድ ደብዳቤ ካለ ግርጌውን አንብብ፤ «ግልባጭ» ከሚለው ሥር የተዘረዘሩት ሁሉ ቅጂ ይኖራቸዋል። ክፍያ ያለበት ሰነድ ከሆነ ፋይናንስ ጋ ከወጪ ማዘዣው ጋር ተያይዞ ይገኛል፤ የሂሳብ ሰነድ ደግሞ ኦዲት ስላለበት እንደዋዛ አይጣልም። ስትጠይቅ በስም ብቻ አትጠይቅ፦ የድሮ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ዓመተ ምሕረት። መዝገብ ቤት የሚፈልገው በቁጥር ነው፣ ስም ደግሞ በአጻጻፍ ይለያያል፤ ኃይሉ፣ ሐይሉ እና ሀይሉ ሦስት ቦታ ሊገኙ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በስልክ ፎቶ ማንሣት ይበቃል? ገንዘብስ ይከፈላል?

መልስ፦ ለራስህ ለማወቅ ይበቃል፤ ማየትና ማስታወሻ መያዝም የመብቱ አካል ነው። ለፍርድ ቤት ወይም ለባንክ ግን «ከዋናው ጋር የተመሳከረ ትክክለኛ ግልባጭ» የሚል ማህተም ያስፈልጋል፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ መሆኑን ሳታይ አትውጣ። ማመልከት በነፃ ነው፣ የማባዣ ወጪ ግን ሊያስከፍሉህ ይችላሉ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ አትክፈል።

ጥያቄ፦ «ምስጢር ነው» ብለው በቃል መለሱኝ።

መልስ፦ «ምስጢር» ብቻውን ምክንያት አይደለም። አዋጁ የሚከለከሉትን ለይቶ ዘርዝሯል፦ የሦስተኛ ወገን የግልና የንግድ መረጃ፣ በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ፣ መከላከያና ደኅንነት፣ የካቢኔ ሰነድ እና ጥቂት ሌሎች። የትኛው እንደሆነ በአንቀጽ ጠቅሰው እንዲጽፉልህ ጠይቅ። የተፈጸመ ውልና የተከፈለ ክፍያ በሞላ ጎደል ከእነዚህ ውጭ ነው።

እንቢታው ከጸና ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት በል፣ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት። እንባ ጠባቂ የአዋጁን አፈጻጸም የሚከታተል ተቋም ነው፣ አያስከፍልም፣ በክልል ከተሞችም ቅርንጫፎች አሉት። ባዶ እጅህን ከሄድህ ግን ይመልሱሃል፦ ገቢ ቁጥር ያለበት ማመልከቻህ፣ የተሰጠህ መልስ ካለ እሱ፣ ለኃላፊው ያቀረብከው አቤቱታ። ጊዜው አልፎ ምንም መልስ ካልመጣ ዝምታውን እንደ እንቢታ ቆጥረህ «ይህን ያህል ቀን አልፏል» ብለህ ቀጥል።

ጥያቄ፦ ኦሮሚያ ውስጥ ነኝ፤ በአማርኛ ባመለክት ይቀበሉኛል?

መልስ፦ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በሱ አስጽፈሽ ብታስገቢ ይሻላል። ሰነዱም በተጻፈበት ቋንቋ ነው የሚሰጥሽ፤ ትርጉሙ የአንቺ ወጪ ነው።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ነው የምኖረው። ወንድሜ ስለኔ ሆኖ የቤቴን ማህደር ግልባጭ ያውጣልኝ ብዬ ውክልና ልልክ ነው፤ ምን ላስገባበት?

መልስ፦ «ጉዳዬን ይከታተልልኝ» የሚል ጥቅል ውክልና መዝገብ ቤት ላይ ይሰናከላል። የቤቱን ቁጥር፣ የካርታ ቁጥሩን፣ ወረዳውን ጥቀሺና «ማህደሩን እንዲመለከት፣ የሰነዶችን ትክክለኛ ግልባጭ እንዲጠይቅና እንዲረከብ፣ ቅሬታና ይግባኝ እንዲያቀርብ» የሚሉትን ቃላት አስገቢ። የመጨረሻው ከተረሳ ሲከለከል አቤት ማለት አይችልም። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተረጋግጦ፣ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ያልፋል። በሁለቱም ቦታ የስምሽ አጻጻፍ ከካርታው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ከመላክሽ በፊት አመሳክሪ።