በቪኤፍኤል ጨዋታ ወጣቶቹን በምን ልለይ? ላልከው

ወንድሜ፣ ሜልቦርን ውስጥ ፉትስክሬይ ዊተን ኦቫል ሜዳ ገብተህ በቪኤፍኤል (ከዋናው የአውስትራሊያ ፉትቦል ሊግ ከኤኤፍኤል በታች ያለው ሊግ) የመጠባበቂያ ቡድኖቹን ጨዋታ አይተሃል፤ ከወጣቶቹ ጎበዙን በምን ልለይ ነው ጥያቄህ። መጀመሪያ ኳሷን መከተል ተው። ሜዳው ሰፊ ነው፣ በአንድ ወገን 18 ተጫዋች አለ። አንድ ልጅ ምረጥና ከጨዋታው አራት ክፍሎች አንዱን ሙሉ እሱን ብቻ እይ።

እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ኳስ ሲነጠቅ ነው። ቆሞ እጁን ያወራጫል ወይስ ወዲያው ዞሮ ያሳድዳል? ባለፈው አንድ ቀጭን ልጅ ኳስ አምልጦት፣ ሜዳውን ግማሽ ያህል ሮጦ ባለኳሱን ወገቡን ይዞ ጣለው። ያን ቀን ጎል አላገባም። ለእኔ ግን ከሁሉም እሱ በለጠብኝ።

ደግሞ እጁን እይ። ኳሷ ሞላላ ስለሆነች ስትነጥር ወዴት እንደምትዞር አይታወቅም። ጎንበስ ብሎ በአንዴ የሚያነሳት ልጅ ተስፋ አለው።

በጉልበት ተበለጠ ብለህ ግን አትፍረድበት። የ18 ዓመት ልጅ ከኤኤፍኤል ከወረዱ ትልልቅ ሰዎች ጋር ነው የሚጋፋው፤ ሰውነቱ ገና ይሞላል።

በእረፍት ሰዓት ተመልካች ሜዳ እንዲገባ ከተፈቀደ ደግሞ ጠጋ ብለህ አሰልጣኙን ስማው። ማንን በስም ጠርቶ እንደሚያርም ልብ በል።