ቻንግ፣ ሲንግሃ ወይስ ሊዮ? ባንኮክ ለሚሄደው ወንድማችን

ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጠይቋል፦ «በቅርቡ ልብስ ለማምጣት ባንኮክ እሄዳለሁ። የውጭ አገር ሰዎች ቻንግ፣ ሲንግሃና ሊዮ በተባሉት የታይላንድ ቢራዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ። በእርግጥ የሚያከራክር ልዩነት አላቸው? እኔስ የትኛውን ልጠጣ?» የምኖረው እዚያው ባንኮክ፣ ፕራቱናም በተባለው የልብስ ገበያ አካባቢ ነው፤ ሥራዬ ካርጎ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ያለችው የኮን ካየን ልጅ ናት። ስለዚህ ከውጭ ሰዎችም ከአገሬውም ጋር እጠጣለሁ፤ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ። እንደማውቀው ልመልስልህ።

መልሴን ላስቀድም። ከምግብ ጋር ከሆነ ሊዮ ጠጣ። ቢራውን ለብቻው ማጣጣም ካማረህ ሲንግሃ እዘዝ። ቻንግም እንደሚወራበት አይደለም፤ ደህና ቢራ ነው። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የውጭ ሰው የታይላንድን ቢራ የሚመዝነው ከማዕዱ ነጥሎ፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነው። ቢራው ግን የተሠራው ለማዕድ ነው፤ ለሙቀት፣ ለሚጥሚጣ ያህል ለሚያቃጥል ምግብና በረዶ ለሞላው ብርጭቆ። ይህን ያልተረዳ ሰው ሦስቱንም «ውኃ ናቸው» ብሎ ይደመድማል፤ ወይም አንዱን መርጦ በሌላው ላይ ይዘምታል።

ማን ምን እንደሚጠጣ ለመገመት የሰውየውን ቆይታ ማወቅ ይበቃል። ካኦሳን መንገድ ላይ ቦርሳ አንግተው የሚዞሩት ወጣቶች ቻንግ ይጠጣሉ። ምንጭ መሐል አድርገው የሚተያዩት ሁለቱ ዝሆኖች የታተሙበት ካናቴራ በየመደርደሪያው ተሰቅሎ ይሸጣል፤ ወጣቱ ገና በገባ በማግስቱ ለብሶት ታያለህ። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ጀርመኖችና ቤልጂጎች ወደ ሲንግሃ ያደላሉ፤ ከሦስቱ ምረት ያለው እሱ ነው፤ የአገራቸውን ቢራ በጥቂቱም ቢሆን ያስታውሳቸዋል። ዓመታት የቆዩት፣ ታይ ሚስት ያገቡትና በትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ሊዮ ላይ ይረጋጋሉ። ጡረታቸውን ፓታያ የሚያሳልፉት ብዙዎቹ ትንሿን ጠርሙስ ሳን ሚጌል ላይት ይዘው ይውላሉ፤ ጣዕሙ ቀለል ያለ ስለሆነ ከቀትር እስከ ምሽት ያስቀምጣል። የእኛ ነጋዴዎች ደግሞ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ሃይነከን ያዝዛሉ፤ ስሙን ከአገር ቤት ያውቁታል። ይህም ቢሆን እዚያው ታይላንድ ውስጥ የሚጠመቅ ነው፤ ከአውሮፓ የመጣ መስሎህ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈልበት።

አሁን ስለ ቻንግ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው ከእሱ ነውና። ቻንግ ገበያ የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ባለቤቱ ቻሮን ሲሪዋታናፓክዲ በአረቄ የከበሩ ባለሀብት ናቸው። ቢራው ርካሽ ነበር፤ ቸርቻሪዎችም አረቄውን ሲያነሱ ቢራውንም አብረው እንዲያነሱ ይደረግ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገበያውን ጠቀለለው። በዚያን ጊዜ አገር ውስጥ የሚሸጠው ቻንግ የአልኮል መጠኑ 6.4 በመቶ ነበር፤ ወደ ውጭ የሚላከው ግን 5 በመቶ። እንግዲህ አስበው፤ እንግሊዛዊው ወጣት አገሩ ከሚያውቀው ቀለል ያለ ቢራ መጥቶ፣ ውኃ ሳይጠጣ በጠራራ ፀሐይ ሲዞር ውሎ፣ ማታ ስድስት መቶ ሚሊ ሊትር የሚያልፈውን ትልቁን ጠርሙስ ደጋግሞ ያወርዳል። በማግስቱ ራሱን ሲያመው ጥፋቱን የሚጥለው በቢራው ላይ ነው። ለዚያ ራስ ምታት ከቢራው ስም ጋር ያዳቀሉት መጠሪያ ሳይቀር አውጥተውለታል።

ከዚያ ወሬው መጣ፤ «መድኃኒት ይጨምሩበታል፣ ግሊሰሪን አለበት» የሚል። እስከ ዛሬ የሚያሳዩት አንድ ሙከራም አለ። ጠርሙሱን ከፍተው፣ አፉን በጣታቸው ይዘው፣ ገልብጠው ውኃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ይነክሩታል። ጣታቸውን ሲያነሱ ወርቅማ ክር የመሰለ ነገር እየተጠማዘዘ ወደ ብርጭቆው ግርጌ ይወርዳል፤ ውኃው ደግሞ ወደ ጠርሙሱ ይወጣል። «ይኸው፣ ኬሚካሉ ወጣ!» ይላሉ። የሚወርደው ግን ራሱ ቢራው ነው። ቢራ ተብላልቶ ካለቀ በኋላም ከብቅሉ የተረፈ ጣፋጭ ነገር በውስጡ ስለሚቀር ከንጹሕ ውኃ በጥቂቱ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ታች ይሰምጣል። ሲንግሃንም ሊዮንም፣ ከፈለግህ የእኛን ቢራ ገልብጠህ ብትሞክር ያው ነው። ይህን ሙከራ የሚያምኑ አስተዋይ ሰዎች አይቼ አዝኛለሁ፤ አንድን ሙሉ የጠመቃ ሙያ በሐሰት መክሰስ ነውና።

በ2015 ኩባንያው የቻንግን ዓይነቶች ወደ አንድ አጠቃሎ፣ ቡናማውን ጠርሙስ በአረንጓዴ ለውጦ፣ የአልኮል መጠኑንም ወደ 5 በመቶ ገደማ አወረደው። ሲንግሃም ቀድሞ 6 በመቶ ነበር፤ በ2007 ወደ 5 ወርዷል። ሊዮም 5 ነው። ዛሬ ሦስቱ በጥንካሬ እኩያ ናቸው ማለት ነው። ክርክሩ ግን የሚካሄደው በድሮው ቻንግ ነው፤ አዲስ መጪው ወጣት ያልቀመሰውን ቢራ ከቆየው ሰው ሰምቶ ይወቅሳል።

የሲንግሃ ታሪክ ረጅም ነው። ቡን ሮድ የተባለው ጠማቂ በ1933 ሲቋቋም በአገሩ የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ ነበር። መሥራቹ ሙያውን ፍለጋ እስከ ጀርመን ተጉዘዋል፤ ቤተሰቡም ልጅ ልኮ በጠመቃ አስመርቋል። በጠርሙሱ አንገት ላይ የምታየው ክንፉን የዘረጋው ጋሩዳ፣ የአፈ ታሪኩ ወፍ፣ የንጉሣዊ ዕውቅና ምልክት ነው፤ የተሰጠውም በ1939 ነው። በገብስ ብቅል ብቻ እንደሚጠመቅ ኩባንያው ይናገራል፤ ቻንግ ግን ሩዝም አለበት፤ ከመለያ ወረቀቱ ላይ ማንበብ ትችላለህ። ሩዝ ቢራን ያቀለዋል፣ ያጠራዋል፤ ከማላቅ ወይም ከማዋረድ ጋር አላያይዘውም። ሊዮን ያወጣው ያው ቡን ሮድ ነው፤ በ1998፣ ርካሹን ቻንግ ለመቋቋም። ስለዚህ «የሲንግሃ ሰው ነኝ፣ ሊዮ አልነካም» የሚል ሰው ስትሰማ ሁለቱም ከአንድ ቤት እንደሚወጡ አስታውሰው። ሊዮ ምረቱ አነስተኛ ነው፤ ጣፈጥ ይላል፤ ዋጋውም ከሲንግሃ ይቀንሳል። ታዮች ለዓመታት በብዛት ሲጠጡ የቆዩትም እሱን ነው።

ወደ ማዕዱ ልምጣ። በሚያዝያ፣ የታዮች አዲስ ዓመት የሆነው የሶንግክራን በዓል ሲደርስ፣ ወደ ባለቤቴ ቤተሰቦች እንሄዳለን። የኢሳን፣ ማለትም የሰሜን ምሥራቁ ታይላንድ፣ ሙቀት በዚያ ወር ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ማታ ምንጣፍ መሬት ላይ ይነጠፋል። መሐል ላይ የበረዶ ባልዲ ከነመቆንጠጫው ይቀመጣል። ላፕ ይቀርባል፤ የተከተፈ ሥጋ በሎሚ፣ በሚጥሚጣ፣ በናና ቅጠልና ተቆልቶ በተወቀጠ ሩዝ የተለወሰ። አንዳንዴ የበሬው ላፕ ጥሬውን ይቀርባል፤ ክትፎ ያደገበት ሰው ባዕድነት አይሰማውም። ሶም ታም አለ፤ ጥሬ ፓፓያ በሙቀጫ ተወቅጦ። የተጠበሰ ኦቾሎኒ አለ። የአሳማ አንገት ጥብስም አይጠፋም፤ የማትበላ ከሆነ አስቀድመህ ተናገር፤ ማንም ቅር አይለውም።

አማቴ በብርጭቆው ግማሽ ድረስ በረዶ ያደርጋሉ፤ ሊዮውን በጎን በኩል ቀስ አድርገው ያፈሳሉ፤ አረፋው ሲነሣ ያቆማሉ፤ ሲወርድ ይጨምራሉ። ትልቁ ጠርሙስ የጋራ ነው፤ ለራሱ ብቻ ጠርሙስ የሚይዝ የለም። ከተቀመጡት ታናሽ የሆነው ወይም ወደ ባልዲው የቀረበው ይቀዳል። የማንም ብርጭቆ ባዶ አይሆንም። አንድ ጉርሻ ላፕ ትወስዳለህ፣ አፍህ ይነዳል፣ ከበረዶው መሐል ቢራውን ትስባለህ። ያን ጊዜ የሊዮ ጣፋጭነት ለምን እንደተፈለገ ይገባሃል። መራራ የአውሮፓ ቢራ ከሚጥሚጣ ጋር አፍ ላይ ይጋጫል፤ ይህ ግን ያበርዳል። በረዶው እየቀለጠም ጥንካሬውን ስለሚቀንስ ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ሳይሰክር ይጫወታል።

የውጭ ሰዎች ይህን በረዶ አምርረው ይቃወማሉ። «ቢራን በውኃ ማበላሸት ነው» ይላሉ። እኔ ግን በረዶውን ተው አልልህም፤ በዚያ ሙቀት ከማቀዝቀዣ የወጣ ቢራ ደቂቃዎች ሳይቆይ ይሞቃል፤ ሞቃት ቢራ ደግሞ የሁሉንም ጉድለት ያወጣል። ስለ ንጽሕናው የምትሰጋ ከሆነ መሐሉ ቀዳዳ ያለውን ክብ በረዶ ምረጥ፤ ከፋብሪካ የሚመጣው እሱ ነው። በረዶ ፈጽሞ የማትፈልግ ከሆነ ደግሞ «ቢያ ዉን» ጠይቅ። ጠርሙሱን ጨው በተጨመረበት በረዶ ውስጥ እያወዛወዙ ከመቀዝቀዝ ወሰን አሳልፈው ያቆዩታል፤ ቆርኪው ሲነሣ ቢራው ዓይንህ እያየ ወደ ለስላሳ በረዶነት ይለወጣል። በማንኪያ እስኪያሰኝ ድረስ! ይህን ሳይቀምስ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል።

ሌሎቹን በአጭሩ። ቢር ላኦ የጎረቤት የላኦስ ቢራ ነው፤ የውጭ ሰዎች ይወድዱታል፤ በኢሳን በቀላሉ ይገኛል፤ እኔም እወድደዋለሁ። በ2023 መጨረሻ ካራባው የተባለው የኃይል ሰጪ መጠጥ ኩባንያ የራሱን ቢራ አውጥቶ ወደ ገበያው ገብቷል፤ ያም ሆኖ ጠረጴዛው ላይ አሁንም የሚነግሡት ሁለቱ ትልልቅ ቤቶች፣ ቡን ሮድና የቻንግ ኩባንያ ናቸው።

ለምን ሁለት ብቻ ሆኑ? ሕጉ ነው። ለረጅም ዘመን የቢራ ፈቃድ ለማግኘት 10 ሚሊዮን ባት ካፒታል ያስፈልግ ነበር፤ ጠርሙስ ሞልቶ ለመሸጥ ደግሞ በዓመት 10 ሚሊዮን ሊትር መጥመቅ ግድ ነበር። ቤት ውስጥ መጥመቅማ ወንጀል ነበር። እናቶቻችን በየጓዳው ጠላ ሲጠምቁ ላደግን ሰዎች ይህ ለማመን ይከብዳል። ታኦፒፖፕ ሊምጂትራኮርን የተባለ ወጣት በ2017 ቤቱ ቢራ ጠምቆ ተይዞ ተቀጣ፤ በኋላ የፓርላማ አባል ሆኖ ሕጉ እንዲለወጥ ታገለ። በኅዳር 2022 ደንቡ ላላ፤ በፈቃድ እስከ 200 ሊትር በዓመት ለራስ መጥመቅ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ትንንሾቹ የታይ ጠማቂዎች ቢራቸውን ካምቦዲያና ቬትናም እያስጠመቁ እንደ ውጭ ዕቃ ቀረጥ ከፍለው ወደ ገዛ አገራቸው ያስገቡ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ከሥራህ አንድ ከሰዓት ከተረፈህ ከባንኮክ ወጣ ብሎ ኖንታቡሪ ውስጥ ያለችው ኮ ክሬት ደሴት ላይ «ቺት ቢር» የተባለው ትንሽ ጠማቂ ዘንድ ሂድ፤ የዚህ እንቅስቃሴ ብዙ ተማሪዎች የወጡት ከዚያ ነው።

ዋጋን በሚመለከት፣ ትልቁ ጠርሙስ ከሱቅ ከ60 እስከ 80 ባት አካባቢ ይገኛል፤ ባንኮክ ውስጥ ሱኩምቪት መንገድ ላይ ሙዚቃ ያለበት ቤት ግን ትንሹን ጠርሙስ ከዚያ በእጥፍ ያስከፍሉሃል። ዋጋው የቤቱ እንጂ የቢራው አይደለም።

ሰዓትም ተጠንቀቅ። ሱቆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አይሸጡም። ከ1972 ጀምሮ የነበረው የከሰዓት እገዳ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ8 እስከ 11 ሰዓት ያለው፣ በ2025 መጨረሻ ለሙከራ ተነሥቷል፤ ስትደርስ ሱቁን ጠይቀህ አረጋግጥ። እንደ ማካ ቡቻና ቪሳካ ቡቻ ባሉ የቡድሃ በዓላት ቀን ደግሞ አብዛኛው ሱቅና መጠጥ ቤት አይሸጥም። የማስታወቂያ ሕጉም ጥብቅ ነው፤ በ2008 ከወጣው የአልኮል ቁጥጥር ሕግ ወዲህ የቢራ ፎቶ ማኅበራዊ ገጽ ላይ ለጥፈው የተቀጡ ግለሰቦች አሉ። ስለዚህ ብርጭቆህን ፎቶ አንሥተህ አትለጥፍ።

ጉዞህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ በል። ካኦ ፓንሳ የሚባለው የመነኮሳት የክረምት ሱባኤ ነው፤ ብዙ ታዮች ሦስቱን ወር ሙሉ መጠጥ ይተዋሉ። ዕቃ የሚሸጥልህ ነጋዴ እራት ጋብዞህ እሱ ሶዳ ብቻ ቢይዝ ጾም ላይ ነው ማለት ነው፤ ጠጣ ብለህ አታስጨንቀው። አንተ ግን የቀረበልህን ብትጠጣ አይከፋውም፤ ብርጭቆህንም ራሱ ይሞላልሃል።