የቁጥጥር ክስ በስምምነት ሲዘጋ ውሳኔው የማን ነው?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የምሠራው ሰንጋተራ ከባንኮቹ ሕንፃዎች መሀል ሲሆን፣ የአንድ ባንክ አነስተኛ ባለአክሲዮንም ነኝ። በውጭ አገር ዜና አንድ ትልቅ የፋይናንስ ኩባንያ ሕግ ጥሷል ተብሎ ሲመረመር ይቆይና «ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም» ይህን ያህል ሚሊዮን ከፍሎ ጉዳዩ ተዘጋ ሲባል አነባለሁ። ይህ ከተጠያቂነት በገንዘብ ማምለጥ አይደለም ወይ? የሚወስነውስ ማን ነው? በእኛስ አገር እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ የተጎዳ ባለአክሲዮን ምን መብት ይኖረዋል?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ተቆጣጣሪና ኩባንያ ተስማምተው መዝገብ መዝጋታቸው በራሱ ነውር የለበትም። የፋይናንስ ምርመራ ዓመታት የሚፈጅና በሰነድ የሚያጥለቀልቅ ሥራ ስለሆነ፣ ሁሉም ጉዳይ እስከ መጨረሻው ክርክር ይሂድ ቢባል ሌሎች መዝገቦች ተቆልለው ይቀራሉ። በእኔ እምነት ሊያሳስበን የሚገባው ስምምነቱን የሚያጸድቀው ማን እንደሆነና በመጨረሻ ለሕዝብ የሚወጣው ጽሑፍ ስለ ጥፋቱ ምን ያህል እንደሚናገር ነው።

የብሪታንያን የፋይናንስ ምግባር ባለሥልጣን አሠራር እንመልከት። መርማሪዎቹ የደረሱበትን ለኩባንያው በበቂ ሁኔታ ካስረዱ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 28 ቀን የሚሆን የመደራደሪያ ጊዜ ይከፈታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተስማማ ኩባንያ ከቅጣቱ 30 በመቶ ይቀነስለታል። ዘግይቶ ለሚስማማ ይሰጥ የነበረው አነስተኛ ቅናሽ እ.ኤ.አ. በ2017 ቀርቷል። ስምምነቱን የሚያጸድቁት ሁለት ከፍተኛ ኃላፊዎች ሲሆኑ፣ ቢያንስ አንዳቸው ከሕግ ማስከበር ክፍሉ ውጭ መሆን አለባቸው። ኩባንያው አልስማማም ካለ ጉዳዩ ከመርማሪዎቹ ተለይቶ ወደሚሠራ የውሳኔ ኮሚቴ ይሄዳል፤ በድርድሩ ወቅት የተባባሉትም ለኮሚቴው አይቀርብም። የኮሚቴውን ውሳኔ የማይቀበል ወገን ነገሩን እንደ አዲስ ወደሚመረምር ገለልተኛ ትሪቡናል መውሰድ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ቅናሹ የሚሠራው በየትኛው ገንዘብ ላይ እንደሆነ ነው። ለምሳሌ ያህል ኩባንያው ያላግባብ ያገኘው ጥቅም 10 ሚሊዮን፣ የተጣለበት ቅጣት ደግሞ 20 ሚሊዮን ቢሆን፣ 30 በመቶው የሚቀነሰው ከ20 ሚሊዮኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅጣቱ ወደ 14 ሚሊዮን ይወርዳል፤ 10 ሚሊዮኑ ሳይነካ ተመልሶ ይከፈላል፤ ድምሩም 24 ሚሊዮን ይሆናል። ይህ ስሌት፣ ከጥፋቱ ዝርዝርና ከተጣሱት ድንጋጌዎች ጋር፣ በሚታተመው የመጨረሻ ማስታወቂያ ላይ ይሰፍራል።

እርስዎን ግራ ያጋባው «ሳያምንም ሳይክድም» የሚለው ሐረግ የአሜሪካ ነው። የሰነደ ሙዓለ ንዋይ (የአክሲዮን፣ የቦንድና የመሳሰሉት) ገበያን የሚቆጣጠረው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው መመሪያ የተስማማ ተከሳሽ ጥፋቱን በአደባባይ እንዳያስተባብል ደነገገ፤ እንዲያምን ግን አላስገደደም። በእኛ ሽምግልና በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ «አጥፍቻለሁ» ሳይል ዕርቅ አይወርድምና፣ ነገሩ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ቢሆን አይገርምም። አሜሪካውያንም ቢሆኑ ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዳኛ ጄድ ራኮፍ ኮሚሽኑና ሲቲግሩፕ የተባለው ትልቅ ባንክ ያቀረቡትን የ285 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት፣ እውነታው ሳይረጋገጥ ማጽደቅ አልችልም በማለት ውድቅ አደረጉት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ያንን ሻረው፤ በእሱ አስተያየት ዳኛው ሊመዝኑ የሚገባቸው ስምምነቱ ፍትሐዊና ምክንያታዊ መሆኑን እንጂ የክሱን እውነትነት አልነበረም። በሕግ ረገድ ይግባኝ ሰሚው የተሳሳተ አይመስለኝም፤ ለባለአክሲዮን ግን የዳኛ ራኮፍ ጥያቄ ይበልጥ ይጠቅመው ነበር።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ተቆጣጣሪውን ባለሥልጣን ከማቋቋሙም በላይ በውሳኔዎቹ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ የሚሰማ አስተዳደራዊ የዳኝነት አካል እንዲኖር ደንግጓል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ አስተዳደራዊ ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል፤ ቅር የተሰኘ ሰውም ውሳኔው እንዲከለስለት ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ስለሆነ ልምዱ ገና ለጋ ነው።

የካሳውን ጥያቄ በተመለከተ፣ ተቆጣጣሪና ኩባንያ የሚፈርሙት ውል እርስዎን አያስርም፤ ጉዳትዎን ማስረዳት ከቻሉ የፍትሐ ብሔር ክስ የማቅረብ መብትዎ እንዳለ ነው። የቅጣቱ ገንዘብ ግን በቀጥታ ይደርሰኛል ብለው አይጠብቁ። በብሪታንያ የማስከበሪያ ወጪው ተቀንሶ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል፤ በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. የ2002 ሕግ ቅጣቱ ለተጎጂ ባለሀብቶች እንዲከፋፈል በር ከፍቷል። እንደ እርስዎ ያለ ባለአክሲዮን የመንግሥት መቀጮ ሲነገር የኩባንያውን ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ተቆጣጣሪው ያወጣውን ሙሉ ውሳኔ ጠይቆ ያንብብ፤ ለካሳ ክስ መነሻ የሚሆነው የጥፋቱ ዝርዝር የሚገኘው እዚያ ነው።