በጥላ ሥር የሚበቅሉትን በጋራ መግዛት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጓሮ አትክልትና አበባ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። በሰፈራችን ያለን አሥራ አራት ቤተሰቦች በየግቢያችን የተከልናቸው አቮካዶና ማንጎ ስላደጉ ከሥራቸው ሣር እንኳ አልበቅል ብሎ መሬቱ ባዶውን ቀርቷል። ስለዚህ ጥላ የሚወዱና በየዓመቱ እንደገና መተከል የማያስፈልጋቸውን አበቦች በጋራ ለመግዛት ተስማምተን፣ ዝርዝሩን እንድይዝና ገንዘቡን እንድሰበስብ እኔን መርጠውኛል። አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ችግኝ ጣቢያ ከ150 በላይ ከወሰድን ዋጋ እንደሚቀንስልን ነግሮናል። ውጭ አገር ያለችው እህቴ ደግሞ ሆስታ የሚባለውን ተክል ልላክላችሁ ትላለች። ግዢውን እንዴት ላደራጀው? ከጎረቤቶቼ ጋር መቀያየምን እፈራለሁ። ሆስታስ ይሆነናል?
የሰፈሩ ዝርዝር ያዥ፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከዋጋው አስቀድመው ስለ ጉርብትናዎ ማሰብዎ ልክ ነው፤ በጋራ ግዢ ጠብ የሚነሳው ችግኙ ሲገዛ ሳይሆን ከመኪና ወርዶ ሲቆጠር ነውና። አንዱ ደርቆ፣ ሌላው ተሰብሮ፣ ሦስተኛው ከታዘዘው በእጅጉ አንሶ ሲገኝ «የሞተው የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ መልሱ አስቀድሞ ካልተጻፈ ደግሞ የሞተው የእኔ ነው የሚል ሰው አይገኝም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ከሰባት ጎረቤቶቼ ጋር ይህንኑ ሞክሬ ነበር። ችግኞቹ ተጨናንቀው፣ በሸራ ታፍነው፣ በቀትር ፀሐይ ተጉዘው ስለመጡ ሸራው ሲገለጥ ከላይ ያሉት እንደ ተቀቀለ ጎመን ሆነው አገኘናቸው። ከጫነው ሰው ጋር ስለ አጫጫኑ የተነጋገርነው ነገር አልነበረም፤ በመካከላችንም ኪሳራውን የምንካፈልበት ስምምነት አልነበረንም። በዚያ ቀን ድርሻዋ በሙሉ የሞተባት አንዲት ጎረቤቴ ለረጅም ጊዜ አኩርፋኝ ቆይታለች፤ እውነቷንም ነበር።

ስለዚህ አንድ ብር እንኳ ከመሰብሰብዎ በፊት ሁሉም አንብቦ የሚፈርምበት አንድ ገጽ ጽሑፍ ያዘጋጁ። እቁብ የጣለ፣ በእድር ያለ ሰው ለዚህ አሠራር እንግዳ አይሆንም። በጽሑፉ ላይ ከሁሉ በፊት መስፈር ያለበት፣ በመንገድ ላይ የሚሞተው ችግኝ የማንም ሳይሆን የሁሉም እንደሆነ ነው። ይህን በቁጥር ላሳይዎ። አሥራ አራታችሁ 160 ችግኝ አዘዛችሁ እንበል፤ የአንዱ ዋጋ 120 ብር ቢሆንና ማጓጓዣው በያንዳንዱ ላይ 30 ብር ቢጨምር፣ አንዱ ችግኝ 150 ብር፣ ጠቅላላው 24,000 ብር ይሆናል። ከዚህ በተጨማሪ በየችግኙ 10 ብር መጠባበቂያ ይሰብስቡ፤ በእጅዎ 1,600 ብር ይኖራል። ስምንት ችግኝ ቢሞት ድርሻቸው ለጎደለባቸው ሰዎች 1,200 ብር መልሰው ቀሪውን 400 ብር ለሁሉም በየድርሻው ያካፍላሉ። በዚህ መንገድ የስምንቱ ሞት እያንዳንዱን ሰው በችግኝ 7 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ያስከፍለዋል። መጠባበቂያው ባይኖርና ስምንቱም የአንድ ሰው ሆነው ቢገኙ ግን፣ አሥራ ሁለት ችግኝ ያዘዘ ሰው ከከፈለው 1,800 ብር ውስጥ 1,200ው በአንድ ቀን ይጠፋበታል። ቅያሜ የሚወለደውም ከዚህ ነው።

ችግኞቹ ሲደርሱ «እኔ ይህን፣ አንቺ ያንን» እየተባለ አይመረጥ። በየዓይነታቸው ተደርድረው፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ ድርሻው በዕጣ ይውጣ። ዝርዝር የያዘ ሰው፣ ማለትም እርስዎ፣ ዕጣውን መጨረሻ ላይ ይውሰዱ። ይህ ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ሰብሳቢ ከሁሉ በፊት መርጦ ወሰደ የሚል ወሬ በአንድ ሰፈር ውስጥ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው አይቻለሁ። ገንዘቡንና ዝርዝሩን አንድ ሰው ብቻ ባይይዘው ደግሞ ለእርስዎ ይበልጥ ይሻላል፤ እርስዎ ዝርዝሩን ይያዙ፣ ገንዘብ ያዥ ሌላ ሰው ይሁን፣ ለሻጩ የሚከፈለውም ቀብድ በደረሰኝ ይሁን። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ሐሳቡን የለወጠ ሰው ድርሻውን የሚወስድለት ሌላ ሰው ራሱ ይፈልግ እንጂ ገንዘቡ ከጋራው ካዝና አይመለስለት። የማጓጓዣውንም ሂሳብ በችግኝ ብዛት ብቻ አያካፍሉት፤ በትልቅ ማሰሮ ያለ አንድ ተክል የትንንሽ ከረጢቶችን ቦታ ይይዛልና እንደ ሁለት ወይም እንደ ሦስት ይቆጠር።

አሁን ስለ 150ው ቁጥር እንነጋገር። የዋጋ ቅናሽ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩን ለመሙላት ሲባል በፍጥነት የሚራባውን ተክል በብዛት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ለምሳሌ ረጃጅምና ጠባብ ቅጠሎቹ ነጭ መስመር ያለባቸው ክሎሮፊተም፣ ከረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ልጆቹን ራሱ ያወጣል፤ ልጁ አፈር ሲነካ ሥር ይሰድዳል። ከዚህ ለአንድ ቤት አንድ ይበቃል፤ በዓመቱ ግቢው ይሞላል፣ ለጎረቤትም ይተርፋል። ቁጥሩን መሙላት ያለበት ቀስ ብሎ የሚራባው ነው፤ ከእነዚህም እኔ የማስቀድመው ክሊቪያን ነው። ክሊቪያ ትውልዱ በደቡብ አፍሪካ ጫካዎች ጥላ ሥር ሲሆን፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ፣ አበባው ብርቱካንማ፣ ሥሩም ወፍራምና ድርቅን የሚታገሥ ነው። ነገር ግን ከዘር የበቀለ ክሊቪያ ለማበብ ከ3 እስከ 5 ዓመት ስለሚፈጅበት፣ ሻጩን «ከዘር የበቀለ ነው ወይስ ከእናቱ የተገነጠለ? ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው ይጠይቁት። በዋጋ ርካሽ የሆነው ክሊቪያ አብዛኛውን ጊዜ ገና ሁለት ቅጠል ያለው ሕፃን ነው። በበጋው ወራት፣ የሀዋሳ ሌሊት በሚቀዘቅዝበት ጊዜ፣ ውኃውን ከቀነሱለት ያ ዕረፍት ለአበባው ይጠቅመዋል። መርዛማ መሆኑን ግን ሕፃናትና ፍየል ላላቸው ቤተሰቦች አስቀድመው ይንገሩ፤ እንዲነገራቸው መብታቸው ነው።

ዝርዝሩን ከማዘጋጀትዎ በፊት እያንዳንዱ ቤተሰብ የግቢውን ጥላ በአንድ ፀሐያማ ቀን ሦስት ጊዜ ይመልከት፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓትና በ9 ሰዓት። እጁን ከመሬት ከፍ አድርጎ ሲዘረጋ የጣቶቹ ጥላ ቁልጭ ብሎ ከታየ ቦታው ለክሊቪያም ሆነ ፈርን ለሚባለው፣ አበባ ለሌለው ባለ ለምለም ቅጠል ተክል የሚስማማ ጥላ የለውም። ጥላው ደብዘዝ ብሎ ቅርጹ ከታየ ተስማሚ ነው፤ ጨርሶ ካልታየ፣ ጥቅጥቅ ካለ ማንጎ ሥር እንደሚሆነው፣ ከታች ያሉት ቅርንጫፎች ካልተመለመሉ በስተቀር በጣም ጥቂት ነገር ነው የሚበቅለው። ይህን ሳያዩ ያዘዙ ሰዎች በዓመቱ ሻጩን ይወቅሳሉ፤ ሻጩ ግን ስለ ግቢያቸው የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

የውጭውን ብቻ አይፈልጉ። የአገራችን ደን ጥላ የሚወዱ ዕፅዋት አሉት፤ በጋራ ዝርዝር ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አይገቡም። እንሶስላ፣ እናቶቻችን ሥሩን ወቅጠው እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት፣ እርጥብና ጥላ ያለበት ቦታ የሚስማማው ሲሆን ነጭ አበባው መሐሉ ሐምራዊ ነው፤ ሌሊት ላይ ሽታው ይጎላል። በበጋ ከላይ ያለው ክፍል ቢጠወልግ አይደንግጡ፤ ከሥሩ እንደገና ይወጣል። ኮረሪማም በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን በጥላ ሥር የሚኖር ነው፤ ቅጠሉ ለምለም ነው፣ ፍሬውም ለቅመም ይሆናል። አደራ የምልዎት ግን፣ እንሶስላውን የሚሸጥልዎ ሰው አራብቶ ያሳደገው እንጂ ከጫካ ቆፍሮ ያመጣው አለመሆኑን ያረጋግጡ። አሥራ አራት ግቢ ለማስዋብ አንድ የወንዝ ዳር ማራቆት ተገቢ አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ አቮካዶዎቻችሁ ናቸው። የአቮካዶ ምግብ ሰብሳቢ ሥር የሚገኘው በላይኛው አፈር ውስጥ ስለሆነ፣ ከሥሩ በመቆፈሪያ አካባቢውን ሁሉ መቆፈር ዛፉን መጉዳት ነው፤ ለየችግኙ ትንሽ ጉድጓድ ብቻ በእጅ መኮትኮቻ ያውጡ፣ ሥር ካገኙም አይቁረጡ፣ ጉድጓዱን ያዛውሩ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ፋይቶፍቶራ የሚባለው የሥር አበስባሽ በሽታ ነው፤ ይህ በሽታ ከችግኝ ጣቢያ በሚመጣ አፈርና ችግኝ ላይ ተሳፍሮ ይጓዛል፤ ከገባበት ግቢ ማስወጣትም እጅግ አስቸጋሪ ነው። በጋራ ሲገዛ አሥራ አራቱም ግቢ በአንድ ቀን ለአንድ አደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ ችግኞቹን በቀጥታ ከዛፍ ሥር አይትከሉ፤ ከዛፎቹ ርቆ፣ ውኃው ወደ ዛፎቹ በማይፈስበት ቦታ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል በድንጋይ ወይም በጣውላ ላይ ያቆዩአቸው። በዚያ ጊዜ ከሸከፉበት ከረጢት ያውጡና ሥራቸውን ይመልከቱ፤ ጥቁርና ልቅልቅ ያለ፣ ሲጎተት ልጣጩ የሚላቀቅ ከሆነ ያንን ችግኝ አስወግደው ከሞተው ጋር ይቁጠሩት። ክሊቪያ ወፍራም ሥር ስላለው አፈሩን አራግፎ መትከል ይቻላል፤ እኔ በአቮካዶ ሥር ከሆነ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሀዋሳ ዋናውን ዝናብ የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ፣ ትዕዛዙ በግንቦት ተጠናቆ ችግኙ በሰኔ መጀመሪያ ቢደርስ የሦስቱ ሳምንት ቆይታ ሲያበቃ መሬቱ ርሶ ይጠብቃችኋል፤ ሥሩም ከበጋው በፊት ይይዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ሀዋሳ ያለው መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ችግኞቹ ከመጫናቸው አንድ ቀን አስቀድሞ ይጠጡ፣ አይሱዙው ሌሊት ተነስቶ ማለዳ ይግባ፣ ሸራው ነፋስ እንዲያስገባ በጎን ይከፈት፤ ይህም ከሾፌሩ ጋር በሚደረገው ስምምነት ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ስለ እህትዎ ስጦታ፣ ሆስታ ትውልዱ ጃፓን፣ ኮሪያና ቻይና ነው፤ በየዓመቱ ለብዙ ሳምንታት ብርቱ ቅዝቃዜ አግኝቶ ካልተኛ ጉልበቱ እየደከመ ይሄዳል። ሀዋሳ ይህን ቅዝቃዜ አትሰጠውም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ያምራል፣ በሁለተኛው ይቀጭጫል፣ ከዚያ ይጠፋል። በዚህ ላይ ከውጭ የሚገባ ተክል የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫና የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በሻንጣ ደብቆ ማስገባት አሁን የጠቀስሁትን ዓይነት በሽታ ለአገር መጋበዝ ነው። እህትዎ ልትረዳችሁ ከፈለገች የማጓጓዣውን ወጪ ትሸፍንላችሁ።

ጥያቄ፦ እኔም በሀዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳልርቅ እኖራለሁ። ባለፈው ክረምት ከጎረቤቶቼ ጋር በጋራ ከገዛናቸው ውስጥ የእኔ ክሎሮፊተሞች ብቻ የቅጠላቸው ጫፍ ቡናማ እየሆነ ይደርቃል፤ የሌሎቹ ደህና ነው። የተበላሸ ድርሻ ደረሰኝ ብዬ ላስብ? የማጠጣው ከግቢዬ ጉድጓድ ነው።
አንባቢ፣ ከሐይቅ ዳር

መልስ፦ ድርሻዎን አይውቀሱ፣ ግዢውን ያደራጀውንም ሰው አይጠርጥሩ፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጉድጓዱ ውኃ ነው። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ የከርሰ ምድር ውኃዎች ፍሎራይድ የሚባል፣ ከዓለት ወደ ውኃ የሚገባ ንጥረ ነገር ይበዛባቸዋል፤ ክሎሮፊተም ደግሞ ለፍሎራይድ በጣም ስስ ከሆኑት ተክሎች አንዱ ነው፤ ድራሲና የሚባለው የቤት ውስጥ ተክልም እንዲሁ። ውኃው ከቅጠሉ ሲተን ፍሎራይዱ ጫፉ ላይ እየተጠራቀመ ያቃጥለዋል። ጎረቤቶችዎ የሚያጠጡት ከሌላ ምንጭ ከሆነ ልዩነቱ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። በክረምት ከጣራ የሚወርደውን ውኃ በበርሜል አጠራቅመው ለእነዚህ ብቻ ይለዩ፤ ሱፐር ፎስፌት የሚባለውንም ማዳበሪያ አይጨምሩባቸው፣ እርሱም ፍሎራይድ አለውና። የደረቀው ጫፍ ተመልሶ አይለመልምም፤ በመቀስ ይከርክሙትና ከመሐል አዲስ የሚወጡትን ቅጠሎች ለሁለት ወር ይከታተሉ። እነርሱ ንጹሕ ሆነው ካደጉ ጉዳዩ የውኃው ነበር ማለት ነው፤ የጉድጓዱን ውኃ ትጠጡት እንደሆነም ሳይዘገይ አስመርምሩት።