ታብሌት ላፕቶፕን ይተካል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ አርጅቷል። በእሱ ፋንታ ታብሌት ብገዛ ይበቃኛል?

መልስ፦ ለማንበብ፣ ቪዲዮ ለማየትና ለኢሜይል ከሆነ ይበቃዎታል፤ ለእነዚህስ ከላፕቶፕም ይሻላል። ረጅም ጽሑፍና ሰፊ የኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ ግን ያስመርራል። በአግድም ሲይዙት የስክሪን ኪቦርዱ የገጹን ግማሽ ያህል ይሸፍናል። የብሉቱዝ ኪቦርድና ማቆሚያ ከጨመሩበት ደግሞ ክብደቱም ወጪውም ላፕቶፕ ጋ ሊደርስ ነው። በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ቢተወው እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ 8 ኢንች ወይስ 10?

መልስ፦ ተኝተው ልብ ወለድ የሚያነቡ ከሆነ 8። ክብደቱ 300 ግራም ገደማ ስለሆነ በአንድ እጅ ይያዛል፤ ባለ 10 ኢንቹ ወደ 500 ይጠጋል። በኤ4 ገጽ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ለማንበብ ግን 10 ይግዙ።

ጥያቄ፦ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ አድሮ አይሞላም። ባትሪው ሞቷል?

መልስ፦ ከባትሪው በፊት ቻርጀሩን ይጠርጥሩ። የድሮ ስልክ ቻርጀር ብዙ ጊዜ 5 ቮልት በ1 አምፒር ነው፤ 5 ዋት ማለት ነው። የ7000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ 27 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። በመንገድ የሚባክነው ሲታከል፣ ታብሌቱ ጠፍቶ እንኳ ከ6 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስክሪኑ በርቶ ከሆነ የሚገባው ኃይል ከሚወጣው ላይበልጥ ይችላል። ጽሑፉ 5 ቮልት 3 አምፒር የሚል ቻርጀር ይሞክሩ፤ ቀጥሎ ገመዱን ይቀይሩ። ካልሆነ አጥፍተው የቻርጅ ቀዳዳውን በእንጨት ስቴኪኒ በቀስታ ያጽዱ፤ የኪስ ብናኝ ሶኬቱ ጠልቆ እንዳይገባ ያግደዋል። ጀርባው ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ግን ቻርጅ ማድረግዎን ያቁሙ፤ አይጫኑት፣ አይብሱትም፤ ሊቀጣጠል ይችላል። ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ የታብሌቴ 32 ጊጋባይት ማከማቻ ሞላብኝ። ሜሞሪ ካርድ ያድነኛል?

መልስ፦ በከፊል። ፎቶ፣ ፊልምና መጽሐፍ ወደ ካርዱ ይሄዳሉ። ሲስተሙና አብዛኞቹ አፖች ግን ከውስጥ አይነቃነቁም። አዲስ ከገዙ ከ64 ጊጋባይት ማከማቻና ከ4 ጊጋባይት ራም (አፖች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ቦታ) አይውረዱ፤ ራም በኋላ አይጨመርም። ማስታወቂያ ላይ የሚጮኸው «ቨርቹዋል ራም» ከዚያችው ማከማቻ የተበደረ ዘገምተኛ ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ ጥራት አለው እየተባለ ኔትፍሊክስ ደብዝዞ ይታየኛል። ለምን?

መልስ፦ የዋይድቫይን (ቪዲዮ እንዳይቀዳ የሚጠብቅ ሥርዓት) ደረጃው ዝቅተኛው፣ ኤል3 ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ደረጃ ላይ ኔትፍሊክስ ከ480ፒ የምስል ጥራት በላይ አይልክም፤ ኢንተርኔትዎ ቢፈጥንም ለውጥ የለውም። ሲገዙ ከፍተኛው ደረጃ፣ ኤል1 መሆኑን ይጠይቁ።